እናቶቹ የት ሄዱ?

ሐዋሳ ተምራችሁ ወደ ጤና መረጃ ሥራ ለምትገቡ ልጆቼ፤

እጃችሁ ፈጣን ነው፣ ደስ ይለኛል። እኛ በኤክሴል ሳምንት የምንለፋበትን ዳሽቦርድ (ቁጥሮችን በቻርት የሚያሳይ ገጽ) ከሰዓት ገብታችሁ ሳይመሽ ታደርሱታላችሁ። ግን አደራ፣ መስመር ከመሳላችሁ በፊት ቁጥሩ የየት አካባቢ፣ የስንት ቀን እንደሆነ ጠይቁ።

በቀድሞው ደቡብ ክልል በጤና ተቋም የወለዱ እናቶችን ብዛት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በመስመር ሳላችሁ እንበል። ከ2012 በኋላ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል። እናቶች ጤና ጣቢያ መሄድ የተዉ ይመስላል። አልተዉም። ሲዳማ በሰኔ 2012 ክልል ሆነ፤ የወላዶቹ ቁጥርም አብሮት ወጣ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ተከተለ። በ2015 መጨረሻ ደግሞ የቀረው ክፍል ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ስለዚህ ከወረዳ ተነሱ። የዛሬውን ክልል ወረዳዎች ሰብስባችሁ ወደ ኋላ ደምሩ። ወረዳም ይከፈላልና እሱንም አጣሩ። ለውጡ የመጣበትን ወር ቻርቱ ላይ በግልጽ አመልክቱ፤ የሚያየው ኃላፊ ይህን ሁሉ ላያስታውስ ይችላል።

ወሩም ያታልላል። የጤና ተቋም ወርሃዊ ሪፖርት ከ21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ነው የሚሄደው። የመስከረም ሪፖርት ጳጉሜን ስለሚጨምር 35 ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ደግሞ 36 ቀን ይሆናል። የወባ ወቅት የሚነሳውም ያኔ ነው! የመስከረም ባር ከፍ ብሎ ስታዩ መጀመሪያ ለቀኑ ብዛት አካፍሉት። ከዚያ በኋላም ከፍ ካለ ለወረዳው ቶሎ ንገሩ።

የክትባት ሽፋን ከመቶ በላይ ከመጣ መቶ ላይ አትቁረጡት። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999 ነው፤ የምናካፍልበት የሕፃናት ቁጥር ከዚያ እየተሰላ የመጣ ግምት ነው። ከጎረቤት ቀበሌ ታዝለው የሚመጡ ልጆችም አሉ። ካርታም ላይ እንዲሁ ነው። ሐዋሳ ትልቅ ሆስፒታል የሚታከም ሰው ከሻሸመኔ መጥቶ ይሆናል፤ ነጥቡ ግን ሐዋሳ ላይ ያርፋል።

ባዶውን ደግሞ ዜሮ አታድርጉት። እኔ ይሄ ነው በጣም የሚያሳስበኝ። ሪፖርት ያልላከ ጤና ኬላ በሽታ እንደሌለበት ሆኖ ከታየ የወባ መርጫ ኬሚካልም መድኃኒትም ሌላ ቦታ ይሄዳል። በግራጫ ቀለም ለዩት። ከዚያ ደውሉ፤ ከተቻለም ሂዱና መዝገቡን ክፈቱ። የጤና ኤክስቴንሽኗን ጠይቁ፤ ያን ወር ኔትወርክ ጠፍቶ እንደሆነ፣ ወይም እሷ ራሷ ወሊድ ላይ እንደነበረች ትነግራችኋለች።