ያ ቢላ ከግምጃ ቤት የወጣ ነው ወይስ በኪሳቸው የገዙት?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ያስታመምሻቸው አዛውንት ካረፉ በኋላ ልጃቸው «አባቴ ፓስፊክ ሲዘምት የያዘው ነው» ብላ አንድ ቢላ ሰጠችሽ። ብረቱ ላይ «ፓል» እና «አርኤች 36» ተጽፎበታል፣ «ዩኤስ» የሚል ምልክት ግን የለውም። የመንግሥት ነው ወይስ የግላቸው? ደግሞስ መንግሥት እያለ ወታደር ለምን ቢላ ይገዛል? ነው ያልሽው።

ባለሙያ አይደለሁም፣ በቅድሚያ ልናገር። ሜሪላንድ ውስጥ ሊፍት ነው የምጠግነው። ግን አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ የድሮ የጦር ዕቃ የሚሸጥበት ባዛር ካለ ቅዳሜዬን እዚያ ነው የማሳልፈው። ባለቤቴ ስብስቤን «ሽንኩርት እንኳ የማይከትፍ ቢላ» ትለዋለች።

ያንቺው ቢላ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ፓል አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ከመግባቷ በፊት የጠመንጃ ሠሪውን የሬሚንግተንን የቢላ ሥራ የገዛ ድርጅት ነው። «አርኤች» የሬሚንግተን የአደን ቢላ ማለት ነው፣ 3ቱ የእጀታውን ዓይነት፣ 6ቱ የብረቱን ርዝመት በኢንች ይናገራል። ማለትም ለአዳኝ ተብሎ ሱቅ ሲሸጥ የነበረ ቢላ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ወታደሩም ገዛው፣ ቤተሰብም በፖስታ ላከው፣ ጦሩም ሲቸኩል ያንኑ ገዝቶ አደለው። ስለዚህ «ዩኤስ» የለበትም ብለሽ የግል ነው ማለት አትችይም።

ለምን ገዙ ላልሽው፣ አሜሪካ በታኅሣሥ 1941 ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ መጋዘን የነበረው የጨበጣ ቢላ ከ1ኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ነበር፣ እሱም ለሁሉ የሚዳረስ አይደለም። የማሪኑ፣ ማለትም ከባሕር ወርዶ የሚዋጋው ጦር፣ ማርክ 2 ቢላ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ካ-ባር የሚለው፣ ተቀባይነት ያገኘው 1942 ሊያልቅ ሲል ነው። የምድር ጦሩ ኤም 3 የተባለው ቢላ ደግሞ በ1943 መጣ። እሱም ቢሆን መጀመሪያ የታሰበው ሳንጃ ለሌላቸው ነው፣ ለፓራሹት ወታደሮችና ካርባይን የሚባለውን አጭር ጠመንጃ ለያዙ። እስከዚያ ድረስ ልጁ ምን ይታጠቅ? አባቱ አጋዘን የሚገፍበትን ቢላ ይዞ ሄደ። እኔን የሚገርመኝ የማርክ 2 መልክ ራሱ ከእነዚያ የሱቅ የአደን ቢላዎች የተቀዳ መሆኑ ነው። ወታደሩ በኪሱ የገዛውን መንግሥት ትንሽ አስረዝሞና አወፍሮ መልሶ አደለው።

ከግምጃ ቤት ስለወጣ ብቻ ደግሞ ጥሩ ነው አይባልም። በ1942 ለማሪን ራይደሮች፣ ለማሪኑ ልዩ ጦር፣ የታደለውን ጩቤ ተመልከቺ። ካሚለስ የተባለው ፋብሪካ ወደ 14 ሺህ ገደማ ሠርቷል። የተቀዳው ከእንግሊዞቹ የኮማንዶ ጩቤ ነው። ቀጭን፣ ሹል፣ ሲያዩት የሚያስፈራ። ግን ወታደር ቀኑን ሙሉ ሰው ሲወጋ አይውልም። ቆርቆሮ ይከፍታል፣ ሣጥን ይፈለቅቃል፣ ሐረግ ይቆርጣል። ጫፉ ይሰበርባቸው ጀመር። እጀታው የዚንክ ቅልቅል ስለሆነ ደግሞ ዓመታት ሲቆጠሩ ይሰነጠቃል፣ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል።

እኔን ያስበላኝም ይሄ እጀታ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠረጴዛ ላይ ያንን ጩቤ አየሁት። እጀታው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው፣ ስንጥቅ የሚባል የለውም። «እንዲህ የተጠበቀ ከየት ይገኛል!» ብዬ ሳልከራከር 350 ዶላር ቆጠርኩ። ሳምንት ቆይቼ ለአንድ ሽማግሌ ሰብሳቢ ኮራ ብዬ አሳየሁት። በጥፍሩ እጀታውን መታ መታ አደረገና «ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን እንኳን ዚንኩ እኔም ተሰነጣጥቄያለሁ» አለኝ። አዲስ ቅጂ ነበር።

በግል ከተገዙት ስመ ጥሩ የራንዳል ነው። ቦ ራንዳል ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ውስጥ የብርቱካን እርሻ የነበረው ሰው ነው። ቢላ መሥራት የጀመረው ለደስታው ነው። ጦርነቱ ሲመጣ የወታደር ትዕዛዝ ስለበዛበት ብረቱን ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ድረስ ልኮ እስከማሠራት ደረሰ። በጣም ጥሩ ቢላ ነው፣ አልክድም። ግን ከጠፋ ጠፋ ነው። ማርክ 2 የጠፋበት ሌላ ይሰጠዋል፣ ራንዳሉ የጠፋበት ደብዳቤ ጽፎ ወራት ይጠብቃል። ሰብሳቢዎች ይህን ይረሱታል።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን አንድ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። ኮሪያ የታጠቁት የአሜሪካኖቹን ጋራንድ ጠመንጃ ከነሳንጃው ነው። ስለ ሳንጃው ስንጠይቃቸው ውጊያ እንጠብቃለን፣ እሳቸው የሚያወሩልን በብርድ የደረቀ የሥጋ ቆርቆሮ እንዴት እንደከፈቱበት ነበር።

ወዳንቺ ልመለስ። ቢላውን እንዳታስይው፣ እንዳታስወለውይውም። አሮጌው ስለት ራሱ ማስረጃ ነው። አፎቱ ውስጥም አታስቀምጪው፣ ቆዳው እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል። ቀጭን ዘይት ቀብተሽ ለብቻው በጨርቅ ጠቅልይው። ከዚያ አፎቱን ገልብጠሽ ቀበቶ በሚገባበት በኩል ጀርባውን በባትሪ እይው። ብዙዎቹ ስማቸውን ወይ የወታደር ቁጥራቸውን እዚያ በሚስማር ይጭሩ ነበር። ልጃቸው ደግሞ የድሮ ደብዳቤ ካላት ጠይቂያት፣ «ቢላ ላኩልኝ» የሚል መስመር ከተገኘ ነገሩ አለቀ። የአፎቱን ፎቶ ለጥፊልን፣ ከፊትም ከጀርባም።