ከደጋ ነው ከቆላ?

ከዓለም ከተማ ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አጎትሽ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲመላለሱ የለቃቀሟቸውን ድንጋዮች በካርቶን ያስቀምጣሉ። አንዱ መዳፍ ያክላል፣ መሐሉ ላይ ሸንተረር አለው፣ ቀዳዳ ቀዳዳም ይታይበታል። ስልክሽ ላይ ስትፈልጊ ባለ ጥሩር ዳይኖሰሮች ቆዳቸው ላይ የሚደርቡትን የአጥንት ሳህን መሰለሽ። የትምህርት ክፍል መምረጫው ደግሞ ደርሷል። አንቺ ጂኦሎጂ ትያለሽ፣ አባትሽ ፋርማሲ ይላሉ። መጨረሻ ላይ «ድንጋዩ እውነተኛ ከሆነ አባቴን አሳምነዋለሁ» ብለሻል።

እኔን የያዘችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ድንጋዩ ተራ ድንጋይ ሆኖ ቢገኝስ? ፋርማሲ ልትገቢ ነው?

ፎቶ አይቼ «ይሄ ዳይኖሰር ነው» አልልሽም። የሚልሽ ካለም አትመኚው። ራስሽ እንድትፈትሺው ግን ላግዝሽ።

መጀመሪያ አጎትሽን ከየት እንዳነሱት ጠይቂያቸው። ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ የምንረግጠው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ዕድሜው ቢበዛ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ዳይኖሰሮች ደግሞ፣ ወፎችን ሳንቆጥር፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት አልቀዋል። ስለዚህ ድንጋዩ ደጋው ላይ ካለው አለት ተፈልፍሎ ከሆነ ነገሩ እዚያው አለቀ። ወደ ጀማ ስትወርጂ ግን ከባዛልቱ ሥር አሸዋ ድንጋይ ይመጣል፣ ከሱ ሥር ሙገር የሚባለው ጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ ባሕር ትቶት የሄደው ኖራ ድንጋይ። ከጀማ ጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ወጥተው ተጠንተዋል። ስለዚህ ሕልምሽ ባዶ አይደለም። ብቻ ገደል ሥር የተገኘ ሁሉ የገደሉ ሥር አይደለም፤ ባዛልትም ተንከባሎ ይወርዳል።

ቀጥሎ ቀዳዳዎቹ። ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ የወጣው ባዛልት ሲቀዘቅዝ ውስጡ የጋዝ አረፋ ይቀርበታል። አረፋው ኋላ ነጭ ማዕድን ይሞላበትና ቁርጥ አጥንት ይመስላል። እኔንም ሸውዶኛል። 10 እጥፍ የሚያጎላ ሃንድ ሌንስ ያዢና የተሰበረውን ጠርዝ እዪው። አጥንት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዳሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው። የጋዝ አረፋ ግን ሞላላ ወይም ክብ ሆኖ እንደ ነገሩ የተበተነ ነው። «ምላስ ላይ ከተጣበቀ አጥንት ነው» የሚሉሽን ተያቸው፤ ጭቃ ድንጋይም ይጣበቃል።

አጥንት ነው እንበል። ያኔም ገና ነው፤ አዞም ጥሩር አለው። የአዞው ሳህን ላይኛው ፊቱ በጣት የተጠቀጠቀ ያህል ጎድጓዳ ጎድጓዳ ነው። የኤሊ ከሆነ ዳር ዳሩ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚገጣጠም ስፌት ታያለሽ። አንኪሎሰር የሚባለው ባለ ጥሩር ዳይኖሰር ሳህን ግን ብዙ ጊዜ ላዩ ሸንተረር፣ ሥሩ ሰርጎድ ያለ ነው። ዋናው ምስክር ግን በዓይን አይታይም፤ ስስ አድርገው ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እንደ ሽመና የተጠላለፉ ክሮች ይወጣሉ።

ሞሮኮ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ሾህ የበቀለበት አንድ የጎድን አጥንት ከነጋዴ ተገዝቶ ለንደን የሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ገባ። ሾሁ ከጎድኑ ጋር አንድ ላይ የተዋሐደ ስለሆነ መጀመሪያ ሰው የሠራው ሐሰተኛ ይሆን ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። በሲቲ ስካን ታየ፣ ተቆረጠ፣ ያ ሽመና ተገኘበት። አንኪሎሰር መሆኑ ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ስፓይኮሜለስ የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ በኋላ እዚያው ሞሮኮ ሌላ አጥንት ተገኘ፤ በ2025 የታተመው እሱ ነው። ቦታው ባይታወቅ ኖሮ የት ይፈለግ ነበር?

ይሄን የምልሽ በራሴ ስለደረሰ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ከጀማ አንድ ከረጢት ድንጋይ ተሸክሜ መጣሁ። ዶርም ውስጥ በሳፋ ውሃ አጠብኳቸው። የለጠፍኩባቸው ወረቀቶች ሟሙተው ውሃው ላይ ተንሳፈፉ። መምህሬ አንዱን አንስተው አገላበጡትና «ከየት?» አሉኝ። «ከጀማ» አልኩ። «ጀማ ሰፊ ነው» ብለው ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ዛሬ ቤቴ በር ያስደግፋል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አጎትሽ አጠገብ ተቀመጪ። ለእያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር ስጪ። የት፣ መቼ፣ ከምን ዓይነት አለት ላይ እንደተነሳ በእርሳስ ደብተር ላይ ጻፊ። ሳንቲም አጠገቡ አድርገሽ ፎቶ አንሺ። እንዳታጥቢው። ይሄ ሥራ ከሰለቸሽ ጂኦሎጂ አትግቢ፤ እኛ በየቀኑ የምንሠራው ይሄንኑ ነው።

አሁን አባትሽ። «ድንጋይ ለቅሞ ያለፈለት የለም» አሉ አይደል? ፋርማሲ ከፍታ ሦስቱን ታናናሾቿን ታስተምራለች ብለዋል። እንደ አባት ማሰባቸው ደግ ነው። ግን ሱቁን በምን ብር ነው የምትከፍቺው? ኪራዩ፣ ፈቃዱ፣ መድኃኒቱ ካፒታል ይፈልጋል፤ እሱን ማን እንደሚሰጥሽ ደብዳቤሽ ላይ የለም። የ19 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ የቤተሰብ ጡረታ ሲጫን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ደመወዝ ስትይዢ ትረጃቸዋለሽ። ምን እንደምትማሪ ግን የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

«ጂኦሎጂ አያበላም» የሚለውን ደግሞ እኔን ጠይቂኝ። መንዝና መርሐቤቴ ውስጥ 9 ዓመት የውሃ ጉድጓድ አስቆፍሬአለሁ። ከዚያ የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ የሚወጣበት ካባ ላይ ሠራሁ። ሀብታም አልሆንኩም፤ ልጆቼን ግን አስተምሬበታለሁ። የቅሪተ አካል ጥናት ብቻውን ቶሎ ደመወዝ አያመጣም፤ ጂኦሎጂውን ያዢ፣ እሱ በሁለተኛ ዲግሪ ይደርሳል። ካባም ቢሆን ከቅሪተ አካል አያርቅሽም። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 ቦሪያሎፔልታ የተባለውን ባለ ጥሩር ዳይኖሰር ያገኘው ማዕድን ማውጫ ላይ ኤክስካቫተር የሚነዳ ሠራተኛ ነው። የድንጋዩ ቀለም ተለወጠበት፣ ማሽኑን አቆመ፣ አለቃውን ጠራ።

የቀሩትን ጥያቄዎችሽን በአጭሩ። እንግሊዝኛሽ ይሻሻላል፣ አትጨነቂበት። ሴት ልጅ ፊልድ መውጣት ትችላለች፤ ጥሩ ጫማ ግዢ። ድንጋዩን እገዛለሁ ያለሽን ሰው ግን በፍጹም እንዳትሸጪለት። ያለ ፈቃድም አትቆፍሩ። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ እነሱ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ያደርሱታል።

አጎትሽ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፤ ከደጋ ነው ከቆላ?