ሰብአዊ ወይስ ሰብዓዊ?

ጥያቄ፦ «በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ላይኛው መስመር ‹ሰብአዊ መብት›፣ ታችኛው ‹ሰብዓዊ መብት› ይላል። አነባበባቸው አንድ ነው። ታዲያ ትክክሉ የትኛው ነው? ልዩነቱስ ምን ይጎዳል?»

መልስ፦ ልኩ በአልፋው አ የተጻፈው «ሰብአዊ» ነው። በዐይኑ ዓ ሲጻፍ «የሰው» መሆኑ ቀርቶ «የሰባ» ይሆናል፤ ሰባ ስል ቁጥሩን ነው እንጂ የሰባውን በሬ አይደለም።

ግእዙ ሁለቱን ቃላት አያገናኛቸውም። ሰብእ ሰው ነው፤ ሰብእና የወጣው ከእሱ ነው፣ ሰብአ ሰገልም የጥበብ ሰዎች ናቸው። ሰብዐቱ ግን ሰባት፣ ሰብዓ ደግሞ ሰባ ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ስለጣለ ጆሯችን እዚህ ላይ አይታመንም፤ የጎረቤት ጆሮ መዋስ ግድ ይሆናል። ትግርኛ ተናጋሪ ሸውዓተ ወይም ሰብዓ ሲል ዓን ከጉሮሮው ያወጣታል፤ ሰብ ሲል ግን ዓ የለችም፣ የጠየቁትንም ቃል «ሰብኣዊ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ሪያድ ወይም ዱባይ የሠራ ሰውም ዐረቦች ሰባትን «ሰብዐ» ሲሉ ጉሮሯቸው እንዴት እንደሚጠብቅ ያውቀዋል።

የኛው «ሰው» ራሱ የሰብእ ልጅ ነው፤ ብ ወደ ው ላልታ፣ ከመጨረሻ የነበረችው እ ወድቃ። ትግርኛ ይህንኑ የብ መላላት በሰባት ላይ አደረገውና ሰብዐቱን ሸውዓተ አለው። ለጥያቄዎ ይህ አያስፈልግም፤ አይቶ ማለፍ ግን ይከብዳል።

ስሕተቱ የመጣው ዓ የተማረ ሰው ፊደል ስለምትመስል ነው። ዓለም፣ ዓመት፣ ዓላማ ሁሉም በእሷ ይጀምራሉና ጸሐፊው በተጠራጠረ ቁጥር እጁ ወደ እሷ ይሄዳል። «አስተዋፅኦ»ም በዚሁ መንገድ «አስተዋፅዖ» ሆነ። ሥሩ ወፅአ ነው፣ ወጣ ማለት፤ ዕድርተኛው ከሚሰበስበው መዋጮ ጋር የአንድ አባት ልጆች ናቸው። «ስእለት»ም «ስዕለት» ተደርጓል፤ ስእለት ከሰአለ፣ ከለመነ፣ የመጣ ሲሆን ሥዕል ከሠዐለ ነው። በ«ተጽዕኖ» ላይ ግን ዕ በቦታዋ ነች፤ ሥሩ ጸዐነ፣ ጫነ፣ ነውና።

«ድምፁ አንድ ከሆነ አንድ ፊደል ይበቃል፤ ዐውዱ ይለየዋል» የሚሉ አሉ። ማስረጃቸው ደካማ አይደለም፦ «ገና» በዓሉ ሲሆን ይጠብቃል፣ «ገና አልመጣም» ስንል ይላላል፤ በአንድ አጻጻፍ እናነባቸዋለን፣ አንሳሳትም። ማጥበቂያ ምልክት ስለሌለን ግን ያለንንም መለያ እንጣል ማለት አይገባም። አመተ ማርያም የማርያም አገልጋይ ነች፣ ዓመተ ምሕረት የምሕረት ዘመን ነው፤ ሁለቱ በአንድ ፊደል ከተጻፉ ልጅቷ ስሟ ከዘመን አቆጣጠር የመጣ ሊመስላት ነው።

ጉዳቱ በተለይ ኮምፒውተር ላይ ይታያል። ይህ ቃል በሰ ወይም በሠ፣ ቀጥሎም በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ ሊጻፍ ይችላል፤ ለአንድ አነባበብ 8 አጻጻፍ ማለት ነው። እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ኮድ ስላለው ተራ ፍለጋ ላይ «ሰብአዊ» ብለው ሲጽፉ «ሰብዓዊ» ያለበት ሰነድ አይመጣልዎትም። ፊደል ይቀነስ ባዮች ይህንን ለራሳቸው ይጠቅሱታል፣ እውነትም አላቸው፤ ነገር ግን በአንድ አጻጻፍ ለመስማማት ፊደል መጣል አያስፈልግም።

ደግሞ ልመን፦ በግእዝ ሥርዐት ምድር «ምድራዊ» እንደሚል ሰብእም በራብዑ «ሰብኣዊ» ነው የሚለው፤ ጥብቅ ከተባለ ትግርኛው ይበልጠናል። እኔ ግን ኣ በአማርኛ ገጽ ላይ አትጥመኝም። አማርኛ አን እንደ ራብዕ ስለሚያነባት «ሰብአዊ» ይበቃል እላለሁ። ብራና የሚጽፉት ራሳቸው እነዚህን ፊደላት ሲያቀላቅሉ እንደኖሩም አልክድም። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን መዝገበ ቃላታቸውን «ዐዲስ» ብለው በዐይኑ ሰየሙት፣ ግእዙ ሐዲስ ስለሆነ፤ ሀገሩ ግን አልተከተላቸውም፣ ዛሬ «ዐዲስ አበባ» ብሎ የሚጽፍ ከስንት አንዴ ነው። «አዲስ»ን እያዘንኩ ለቅቄያለሁ። «ሰብዓዊ»ን ግን ከዚያ ደብዳቤ ላይ ቢያርሙልኝ ደስ ይለኛል።