የተጣበቁትን የቤዝቦል ካርዶች ምላጭ እንዳይነካቸው

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥያቄሽን አነበብኩት። ስትንከባከቢያቸው የነበሩት አዛውንት አርፈው ልጃቸው አንድ አሮጌ አልበም ሰጠሽ። ውስጡ ጥቁር ወረቀት ላይ በሙጫ የተለጠፉ ትንንሽ የቤዝቦል ካርዶች አሉ። «እንዴት ላላቅቃቸው? ግሬድ ማስደረግስ ያዋጣል?» ነው ያልሽው። ግሬድ ማለት አንድ ኩባንያ ካርዱን መርምሮ ለይዞታው ከ1 እስከ 10 ቁጥር ሲሰጠው ነው። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ በዚሁ ሥራ ላይ እያለሁ እንዲህ ያለ አልበም ደርሶኛል። በፎቶው እንዳየሁት ያንቺዎቹም ቲ206 የሚባሉት ናቸው። ከ1909 እስከ 1911 በፈረንጆቹ ከሲጋራ ፓኬት ጋር ይወጡ የነበሩት ማለት ነው።

1. ከሁሉ በፊት ልጅየው አልበሙን በስጦታ እንደሰጠሽ በጽሑፍ ያስፍርልሽ። የአንድ መስመር ኢሜይል ይበቃል። የምትሠሪበት ኤጀንሲ ስለ ስጦታ ያለውን ደንብም አንብቢ። ነገ ካርዱ ዋጋ ሲያወጣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዘመድ ተነሥቶ ስምሽን እንዳያጠፋ። የሰው ቤት ገብቶ የሚሠራ ሰው ይህን ስጋት ያውቀዋል።

2. ምንም ሳትነኪ እያንዳንዱን ካርድ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገሽ ፎቶ አንሺ። ወርዱ 1 ኢንች ከ7/16፣ ቁመቱ 2 ኢንች ከ5/8 ገደማ ነው። አራቱም ማዕዘን በደንብ ይታይ። ለምን እንደሆነ አሁን ትረጂኛለሽ።

3. ምላጭ፣ ቢላ፣ እንፋሎት፣ የፀጉር ማድረቂያ አታስጠጊ። ማንም ሰው «እኔ ላላቅቅልሽ» ቢልሽ አትስጪ። እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ላይ ነው። አንድ የካርድ ሱቅ ሄድኩ። ሰውየው አነጋገሬን ሲሰማ ገና አልበሙን ሳይከፍት ፊቱን አጠቆረው። ገለጥ ገለጥ አደረገና «ሙጫ የነካው ነገር ቆሻሻ ነው» ብሎ ለጠቅላላው የምሳ ዋጋ የማይሞላ ብር ጠራልኝ። አልሸጥም ስለው ደግሞ በክፍያ እንደሚያላቅቅልኝ ነገረኝ። ሁለት ካርድ ሰጠሁት። አንዱ ዋልተር ጆንሰን ነበር፣ ከታላላቆቹ ኳስ ወርዋሪዎች አንዱ። ሲመልስልኝ ጠርዛቸው ቀጥ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ነበር። ያምር ነበር። ግሬድ እንዲሰጣቸው ስልካቸው «ጠርዙ ተቆርጧል» ተብለው ያለ ቁጥር ተመለሱ። ሙጫ የያዘውን ዳር በምላጭ ከርክሞ አውጥቶት ኖሯል!

መቶ ዓመት አልፎት ለደረሰ ካርድ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ማዕዘኑ የተሸበሸበ፣ የቆሸሸ፣ የታጠፈ ካርድ ዝቅ ያለም ቢሆን ቁጥር ያገኛል። የተቆረጠ ግን አያገኝም። የዓለሙን ዝነኛ ካርድ እዪው፣ የተጫዋቹን የሆነስ ዋግነርን ቲ206። ግሬድ ሰጪው ኩባንያ ፒ ኤስ ኤ በ1991 ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ግሬድ የሰጠው እሱን ነው፣ መቆረጡ ገና በይፋ ሳይወጣ፣ 8 ብሎ። በ2013 ቢል ማስትሮ የተባለው የጨረታ ነጋዴ ጠርዙን የቆረጠው እሱ መሆኑን ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። ባለሙያ ተብዬዎቹም ምላጭ ያነሣሉ ማለት ነው።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። «ድሮም እንዲሁ ነበር» አለኝ። ያን ጊዜ ከማስመሪያ ጋር ያነሣሁትን ፎቶ አወጣሁለት። ልዩነቱ በዓይን ይታያል። «ከፈለግህ ክሰሰኝ» አለኝ፣ ከሰስኩት። ሜሪላንድ ውስጥ እስከ 5,000 ዶላር ለሚደርስ ክርክር ጠበቃ ሳትይዢ የምትቀርቢበት ችሎት አለ። ቀጠሮው ሳይደርስ ገንዘብ ይዞ መጣ። የካርዱን ዋጋ አይሞላም፤ ግን ንቆኝ ነበርና ከፍሎ መውጣቱን ማየት ፈልጌ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀሩትን ሁሉ በገዛ እጄ አላቀቅኩ። የሚያስፈልግሽ ውሃ ነው፤ ዲስቲልድ የሚባለው፣ ከግሮሰሪ በጋሎን የሚሸጠው። የዚያን ጊዜ ልጆች ካርድ የሚለጥፉት ብዙውን ጊዜ በዱቄት ሙጫ ነው፤ አገር ቤት ግድግዳ ላይ ጋዜጣ የምንለጥፍበት ዓይነት። ውሃ ሲያገኝ ይለቃል። የካርዱ ቀለም ደግሞ የሕትመት ቀለም ስለሆነ በንጹህ ውሃ አይሄድም። በእስክሪብቶ ቀለም የተጻፈበት ካለ ግን ያ ጽሑፍ ሊፈስ ይችላልና ለብቻው አቆዪው።

የአልበሙን ገጽ ከካርዱ ራቅ አድርገሽ በመቀስ ቁረጪና አንድ አንድ እያደረግሽ ትሪ ላይ ውሃ ውስጥ አስተኚው። የቤቱን ሙቀት የያዘ ውሃ ይሁን፣ የፈላ አይሁን። ከዚያ ተይው። ጥቁሩ ወረቀት ቀለሙን ይለቃል፤ ውሃው ሲጠቁር ቀይሪው። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። አትጎትቺ። ጊዜው ሲደርስ ካርዱ በራሱ ተንሸራቶ ይለያል። ጀርባው ላይ የቀረው ሙጫ ያሙለጨልጫል፤ እዚያው ውሃው ውስጥ እንዳለ በረጠበ ጥጥ ቀስ ብለሽ አንከባለሽ አንሺው፣ አትፈትጊው። በሌላ ንጹህ ውሃ አለቅልቂና ውሃ በሚመጥ ወፍራም ነጭ ወረቀት መሐል አድርገሽ ከባድ መጽሐፍ ጫኚበት። ወረቀቱን በደረቅ ቀይሪ። ቀናት ይፈልጋል። ከቸኮልሽ ይጣመማል።

ጀርባው ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቀኝ ልንገርሽ። ፊቱ ላይ ተጫዋቹ አለ፤ ጀርባው ላይ የሲጋራው ስም አለ። ሰማያዊው ፒድሞንት እና ቀዩ ስዊት ካፖራል በብዛት የሚገኙት ናቸው። ድረም፣ ኡዚት ወይም ሌኖክስ ከወጣልሽ ግን ያው ተጫዋች ብዙ እጥፍ ዋጋ ያወጣል። በጥፍር የላጠው ሰው ያንን ስም አልበሙ ላይ ትቶት ይመጣል። እኔ ከአንድ ተራ ተጫዋች ጀርባ ላይ የድረምን ፊደል ውሃው ውስጥ ሳነብ እጄ ተንቀጥቅጧል።

ተጠንቀቂ፣ ይህ ለሁሉም ካርድ አይሠራም። ከ1950ዎቹ ወዲህ ያሉት የቶፕስ ካርዶች ፊታቸው የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ውሃ ሊያበላሻቸው ይችላል። በ1911 የወጡት ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ቲ205 የሚባሉት ካርዶች ወርቃቸው ሊረግፍ ይችላል። ራበር ሲመንት የሚባለው ሙጫና ፕላስተር ደግሞ በውሃ አይለቁም።

4. ግሬድ የሚሰጡት የታወቁት ፒ ኤስ ኤ፣ ኤስ ጂ ሲ እና ቤኬት ናቸው። እኔ የላክሁት ለኤስ ጂ ሲ ነው፤ አሮጌ ካርድ ጥቁር ፍሬም ውስጥ ሲቀመጥ ያምርብኛል። ከሙጫ የወጣ ካርድ 1 ወይም 2 ቢያገኝ አትዘኚ። ሁሉንም አትላኪ፤ ለተራ ተጫዋች ክፍያው ከዋጋው ጋር ሊቀራረብ ይችላል። እንደ ታይ ኮብ፣ ሳይ ያንግ፣ ክሪስቲ ማቲውሰን፣ ዋልተር ጆንሰን ያሉ ዝነኛ ተጫዋቾች ካሉሽ እነሱን ላኪ፣ ከዚያ ብርቅ ጀርባ ያላቸውን። ካርድ ሴቨር በሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ከተሽ ኢንሹራንስ ገብተሽ ላኪ። ስትሸጪም ውሃ ውስጥ እንደነበረ ለገዢው ንገሪ። በንጹህ ውሃ መንከር በድሮ ካርድ ሰብሳቢዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ደብቀሽ ከተደረሰብሽ ግን ከዚያ ወዲያ ማንም አያምንሽም።

መጀመሪያ ላይ የተጎዳውንና ስሙ የማይታወቀውን ተጫዋች አላቅቂ፣ እጅሽ ይለምዳል። ሲደርቅ የጀርባውን ፎቶ እዚሁ ለጥፊው፣ ምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለማንም አትሽጪ።