የተፈራው ሞርፊን፣ ያልተፈራው ትራማዶል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አባታችን 71 ዓመታቸው ነው። የፕሮስቴት ካንሰራቸው ወደ አጥንት ተሰራጭቶ ሌሊቱን ሲያቃስቱ ያድራሉ። ሐኪሙ ፈሳሽ ሞርፊን አዘዘላቸው፤ ታላቅ ወንድማችን ግን «ይሄ ለሚሞት ሰው ነው የሚሰጠው፤ ሱስም ያስይዛል» ብሎ ጠርሙሱን ደበቀው። እሳቸውም «ልቻለው፣ ያልፋል» ይላሉ። ምን እናድርግ? (ከደሴ)

መልስ፦ ወንድምዎ ጠርሙሱን ያውጣው። ሞርፊን የሚታዘዘው በሕመሙ ልክ እንጂ በቀረው ዕድሜ ልክ አይደለም። ብዙ ሰው የሚያየው በመጨረሻዎቹ ቀናት ሲሰጥ ስለሆነ ሞቱን ያመጣው መድኃኒቱ ይመስለዋል። ከትንሽ ተጀምሮ እየታየ የሚጨመር ሞርፊን ግን ሞት አያፋጥንም። «አሁን ከጀመሩት ኋላ ሲብስባቸው የሚሰጥ ይጠፋል» የሚለውም ስጋት ልክ አይደለም። ሞርፊን እንደ ፓራሲታሞል በቀን 4 ግራም ላይ የሚቆም ጣሪያ የለውም፤ ሕመሙ ሲጨምር ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል።

ስለ ሱስ ለተነሳው፦ ሰውነት መድኃኒቱን ይለምዳል፤ በድንገት ቢቋረጥ ያንቀጠቅጣል፣ ያስቀምጣል። ይህ ልማድ እንጂ ሱስ አይደለም። ሱስ ማለት ሰውዬው ጉዳቱን እያየ፣ ሕመም ሳይኖረው ጭምር፣ መድኃኒቱን ማሳደዱ ነው። አባትዎ የሚያሳድዱት እንቅልፍ ነው። ጨረር ተሰጥቷቸው የአጥንቱ ሕመም ከቀነሰ ሞርፊኑም በደረጃ ይቀነሳል።

አወሳሰዱ ላይ ግን ጥንቃቄ አለው። የተለመደው መነሻ በየ4 ሰዓቱ 5 ሚሊ ግራም ነው፤ በጣም ለደከመ አዛውንት 2.5 ይበቃል። ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይሰጣል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ሐኪሙ ከፈቀደ እጥፉ ተሰጥቶ የሌሊቱ 8 ሰዓት ይዘለላል፤ እርስዎም እሳቸውም ትተኛላችሁ። በመሃል ሕመሙ ካገረሸ የአንድ ጊዜውን ያህል ይጨመርና ደብተር ላይ ይጻፋል። ለምሳሌ በአንድ ቀን ከመደበኛው 30 ሚሊ ግራም ሌላ ሦስት ጊዜ 5 ሚሊ ግራም ከተጨመረ ድምሩ 45 ነው። ሐኪሙ ለ6 አካፍሎ የሚቀጥለውን መጠን 7.5 ያደርገዋል። ደብተር ከሌለ ሐኪሙ በግምት ነው የሚሠራው።

አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከጠርሙሱ ነው። ፈሳሹ በተለያየ ጥንካሬ ይዘጋጃል። «5 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» ከሚለው 5 ሚሊ ግራም ለማግኘት 5 ሚሊ ሊትር ይቀዳል፤ «10 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» ከሚለው ግን 2.5 ብቻ። ጠርሙስ በተቀየረ ቁጥር ጽሑፉን ያንብቡ። በወጥ ማንኪያ አይለኩ፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይጠቀሙ። ልጆች ካሉ ጠርሙሱ ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ወንድምዎ መደበቅ ከፈለገ ከእነሱ ይደብቀው።

ማቅለሽለሹና ድብታው በጥቂት ቀናት ይለቃሉ። የሆድ ድርቀቱ ግን አይለቅም፤ ሰውነት ከማይለምዳቸው ጉዳቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ቢሳኮዲል የሚባል አንጀት አንቀሳቃሽ መድኃኒት አብሮ ይታዘዝ። ተልባ ምትክ አይሆንም። ሞርፊኑ የአንጀትን እንቅስቃሴ ስላዘገየው የሚያንቀሳቅስ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ውሃ ያነሰው ተልባ ደግሞ ጭራሽ ይደፍናል።

ለአባትዎ ለብቻው የምናስጠነቅቀው ኩላሊትን ነው። ያበጠ ፕሮስቴት ሽንት ያግዳል፣ የታገደ ሽንት ኩላሊት ይጎዳል፣ ደካማ ኩላሊት ደግሞ የሞርፊኑን ዝቃጭ ማስወጣት ያቅተዋል። ሽንታቸው ካነሰ፣ እጅ እግራቸው ድንገት ድንገት ከተወራጨ ወይም የሌለ ነገር ካዩ ለሐኪሙ በዚያው ቀን ይደውሉ። ተጣርተው መቀስቀስ ካቃተዎት፣ ወይም ትንፋሻቸው በደቂቃ ከ8 ካነሰና የዓይናቸው ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ ሳይዘገዩ ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ። ጠበል የሚገቡ ከሆነ መድኃኒቱን አቋርጠው እንዳይገቡ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፣ 43 ዓመቴ ነው። ለወገቤ ከ3 ዓመት በላይ ባለ 50 ትራማዶል በቀን አራት እወስዳለሁ፤ ከፋርማሲ ራሴ ነው የምገዛው። አሁን አሁን አልበቃኝ ብሎ ስድስት የወሰድኩበት ቀን አለ። ባለፈው ሁለት ቀን ባቆመው ጉንፋን የያዘኝ ይመስል አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ እግሬ አላርፍ አለ። ሱሰኛ ሆኛለሁ? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ የገለጹት ሁሉ የልማድ ምልክት ነው፤ ያሳሰበን ስድስት የወሰዱበት ቀን ነው። የትራማዶል የቀን ጣሪያ 400 ሚሊ ግራም ነው፤ የእርስዎ 300 ከዚያ በታች ቢሆንም አካሄዱ ወደዚያው ነው። ትራማዶል የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ አደጋውን ያባብሳል፤ መሪ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ጫት ድብታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ለእንቅልፍ ወይም ለነርቭ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን አብሮ ሲወሰድ መንቀጥቀጡን ያቀርበዋል፤ ማረጋጊያው ዲያዜፓምና አረቄ ደግሞ ትንፋሽ ያዘገያሉ።

ሌላም ነገር አለ። ትራማዶልና ሌላው ማስታገሻ ኮዴይን ጉልበት የሚያገኙት ጉበት ውስጥ ተለውጠው ነው። በ122 ኢትዮጵያውያን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት 29 በመቶ የሚሆኑት ይህን ለውጥ የሚሠራው ኢንዛይም ዘረ መል ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል፤ በስዊድናውያን ዘንድ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው መድኃኒቱን ቶሎና አብዝቶ ስለሚለውጥ፣ ለጓደኛው የሚበቃው መጠን ለእሱ ሊበዛ ይችላል። ጡት የምታጠባ እናትና ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁለቱንም እንዳይወስዱ የሚባለውም ለዚሁ ነው።

ጥቅሙስ? ከትራማዶል የሚጠነክሩት እነ ሞርፊንና ኦክሲኮዶን እንኳ ለቆየ የወገብ ሕመም ብዙ አልፈየዱም። አሜሪካ ውስጥ በ240 የወገብ፣ የዳሌና የጉልበት ታማሚዎች ላይ ለአንድ ዓመት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እነዚህን የወሰዱት ካልወሰዱት የተሻለ እንደማይንቀሳቀሱ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። ለካንሰር ሕመም ሞርፊን እንመክራለን፤ ለእርስዎ ወገብ ትራማዶልን አንመክርም።

በአንድ ጊዜ ግን አያቁሙት። ሐኪምዎን ለሁለት የሚከፈል ባለ 50 እንክብል ይጠይቁ፤ ካፕሱል አይከፈልም፤ ቀስ ብሎ የሚሟሟውን ባለ 100 መስበር ደግሞ የቀኑን መድኃኒት በአንዴ ይለቀዋል። ከ200 ተነስተው በየ4 ሳምንቱ 25 ሚሊ ግራም ይቀንሱ፤ ስምንት እርከን፣ ሰባት ወር ተኩል ገደማ። አንዱ እርከን ካስቸገረ እዚያው ይቆዩ እንጂ ወደ ላይ አይመለሱ። ቀንሰው ከሰነበቱ በኋላ የድሮውን መጠን መዋጥ አደገኛ ነው፤ ሰውነትዎ ረስቶታል። በለወጡ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ቀናት አይንዱ።

ከዚያ በፊት ወገብዎ ይመርመር። ማታ የሚያልብ፣ የሚያከሳና የሚያተኩስ የወገብ ሕመም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ትራማዶል ይሸፍነዋል። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም በእግሮች መሃል ከደነዘዘ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ለምትሠራው እህቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ትራማዶል በሰው እጅ ልልክላት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በፍጹም። ትራማዶልና ኮዴይን በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። ተጓዡ በራሱ ስም የታዘዘለት ቢሆን እንኳ ማዘዣውንና አስቀድሞ ከአገሪቱ የወጣ ፈቃድ ይዞ ነው የሚገባው። የሰው መድኃኒት በሻንጣው የተገኘ መንገደኛ ሊታሰር ይችላል። ለጉልበት የሚቀባ ባለ 1 በመቶ ዲክሎፌናክ ጄል እዚያው ፋርማሲ ትጠይቅ፤ በአንድ ጉልበት 4 ግራም፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ባልቆሰለ ቆዳ ላይ። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ካለባት ግን ለፋርማሲስቱ አስቀድማ ትንገር።