«እምነቴ አይፈቅድም» ብሎ ከመፈረም በፊት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ወንድሜ ሚኒሶታ ይኖራል። ልጁ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ይገባል። እዚያ «እምነቴ አይፈቅድም» ብሎ የፈረመ ወላጅ ልጁን ሳያስከትብ ያስመዘግባል አሉ። ክትባቱ የአሳማ ነገር አለበት ብሎ ሊፈርም ነው። እኔንም «ልጅሽን እንዳታስከትቢ» ይለኛል። ልጄ 9 ወር ሊሞላት ነው። እውነት ሐራም ነው?

መልስ፦ አብሽሩ እህቴ። ወንድምዎ ያለ ነገር አልተጨነቀም። አሜሪካ በብዛት የሚሰጠው የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት፣ እንዳይበላሽ የሚጨመር የአሳማ ጀላቲን (ከቆዳና ከአጥንት የሚወጣ ፕሮቲን) አለበት። ይህን መደበቅ አልወድም፤ የተደበቀ ነገር ሰውን ያሸሻል።

ግን ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ኩዌት ላይ ከ100 በላይ የሃይማኖት ሊቃውንትና ባለሙያዎች ተሰብስበው መክረውበታል። ከአጥንትና ከቆዳ ተነስቶ ባሕርዩ ሙሉ በሙሉ የተለወጠ ጀላቲን ንጹሕ ነው፣ ለመብላት እንኳ ይፈቀዳል አሉ። እኔ ሐኪም እንጂ ሼህ አይደለሁም፤ የሰፈርዎን ሼህ ይጠይቁ። የወንድምዎ ልብ አሁንም ካልረጋ ደግሞ ጀላቲን የሌለው ፕሪዮሪክስ የሚባል ክትባት አለ። አሜሪካ በ2022 ፈቅዳዋለች። ስሙን ጠርቶ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ፊርማውን የሚኒሶታ ሕግ ይፈቅዳል። ኒውዮርክ ግን በሃይማኖት ምክንያት መቅረትን ኩፍኝ ከተዛመተባት በኋላ በ2019 ከልክላለች። ፊርማ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባዋል፣ ከኩፍኝ ግን አያድነውም። የታመመ ልጅ ከክፍል ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። ከታመመው ልጅ ጋር ከተቀራረቡ ያልተከተቡ 10 ልጆች 9ኙ ይያዛሉ። እዚያው ሚኒሶታ በ2017 ኩፍኝ 75 ሰው ይዟል። አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ክትባቱ ኦቲዝም (የልጅ የአእምሮ እድገት እክል) ያመጣል የሚል የሐሰት ወሬ ወላጆቻቸውን አስፈርቷቸው ነበር። ዘመዶቻችን፣ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

የእርስዎን ልጅ አያቆዩአት። ከእናቷ የወረሰችው መከላከያ በዚህ ዕድሜ እያለቀ ነው። ከጅቡቲ በሚመጣ እንግዳም፣ ከፊራ ገበያ ላይም ኩፍኝ ሊያገኛት ይችላል። ኩፍኝ ሽፍታ ብቻ አይደለም፤ የሳንባ ምች ያስከትላል፣ ዓይን ያጠፋል። የመጀመሪያው ክትባት በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ነው። ካርዷን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከሳምንት በኋላ ትንሽ ትኩሳት ወይም ሽፍታ ቢታይባት አይደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀን ይለቃታል።

ይህን መልስ ለወንድምዎም ዛሬውኑ በቴሌግራም ይላኩለት፤ ሳይፈርም ይድረሰው።