ጤና ጣቢያ "መድኃኒት የለም" ሲል አቤት የሚባለው ለማን ነው? ዞን ጤና መምሪያስ ምን ይሰራል?

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። እናትሽ ገጠር ናቸው፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከጤና ጣቢያ ነበር የሚወስዱት፣ የጤና መድህንም በየአመቱ እየከፈሉ ያሳድሳሉ፣ አሁን ግን በሄዱ ቁጥር "የለም፣ ከውጭ ግዙ" እየተባሉ አንቺ ጎንደር ከግል ፋርማሲ እየገዛሽ ትልኪላቸዋለሽ። እና ዞን ጤና መምሪያ ሄጄ አቤት ብል ይፈታልኛል ወይ፣ ለመሆኑ ስራቸውስ ምንድነው ነው ያልሽው። እኔ መጀመሪያ ወረዳ ላይ በኋላም ዞን ላይ ለብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ ስለዚህ ረዘም ቢልም የማውቀውን ልጻፍልሽ፣ ምክንያቱም ሰው ስራ ፈቶ፣ የትራንስፖርት ከፍሎ የማይመለከተው ቢሮ በር ላይ ሲውል ማየት በጣም ነው የሚያናድደኝ።

መጀመሪያ አንድ የሚምታታ ነገር አለ። ጎንደር ውስጥ ሁለት ጤና መምሪያ ነው ያለው። የጎንደር ከተማ አስተዳደር የራሱ መምሪያ አለው፣ የከተማውን ጤና ጣቢያዎች የሚያየው እሱ ነው። የማዕከላዊ ጎንደር ዞን ጤና መምሪያ ደግሞ ቢሮው ከተማው ውስጥ ይሁን እንጂ ስራው ገጠር ወረዳዎቹ ላይ ነው። ድሮ ሁሉም ሰሜን ጎንደር ነበር፣ ከተከፈለ በኋላ ግን ሰሜኑ ደባርቅ፣ ምዕራቡ ገንዳ ውሃ ነው መቀመጫው፣ እስካሁን ከዳባትና ከመተማ ድረስ ጎንደር መጥቶ "ዞን ነው የምፈልገው" የሚል ሰው አለ። ሪፈራል ሆስፒታሉ ደግሞ ጭራሽ የዩኒቨርሲቲው ነው፣ እዛ ላለ ቅሬታ መምሪያው ማዘዝ አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው። በእኛ በአማራ ክልል እንደ አዊና ዋግ ኽምራ ካሉት ከብሔረሰብ ዞኖቹ ውጪ ዞን የሚባለው ምክር ቤት የለውም፣ በጀት አያጸድቅም፣ የክልሉ ክንድ ነው። በጀት የሚወርደው ከክልል ወደ ወረዳ ነው፣ የወረዳው ምክር ቤት ለግብርናው ለትምህርቱ ለጤናው ብሎ ይከፋፍለዋል፣ ጤና ጽ/ቤት የሚደርሰው ብር ደግሞ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ነርስ የሚቀጥረው ወረዳ ነው፣ የአምቡላንስ ነዳጅ ወረዳ ነው፣ የጤና ጣቢያው ጣሪያ ቢያፈስ ወረዳ ነው። ስለዚህ ዞን ሄደሽ "መድኃኒት ግዙልን" ብትይ የሚገዛበት ገንዘብ እጁ ላይ የለም። ወረዳውን ግን ሊጠይቅ፣ ሊገመግም፣ ሊያስጨንቅ ይችላል፣ ይሄን በደንብ ያዢው።

መድኃኒቱ ራሱ በሁለት መንገድ ነው የሚመጣው። የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ የወባ፣ ክትባት የመሳሰለው የፕሮግራም መድኃኒት ይባላል፣ በነጻ ነው፣ ጎንደር ካለው የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ ነው የሚሰራጨው። የእናትሽ የደም ግፊት መድኃኒት ግን ጤና ጣቢያው በራሱ የውስጥ ገቢ የሚገዛው ነው። ያ ገቢ ከየት ይመጣል ብትይ ከካርድና ከመድኃኒት ሽያጭ ነው፣ አሁን ደግሞ ሰዉ አብዛኛው መድህን ስለገባ ከወረዳው መድህን ነው የሚመጣው። ጤና ጣቢያው መጀመሪያ ያክማል፣ ከዛ ሂሳቡን አወራርዶ ክፈሉኝ ይላል። ይሄ ክፍያ ከዘገየ አለቀ፣ ጤና ጣቢያው የሚገዛበት ብር የለውም፣ መደርደሪያው ይራቆታል፣ አባላቱ ደግሞ የከፈልነው ለምንድነው ብለው በቀጣይ አመት አያሳድሱም፣ ያኔ መድህኑ ራሱ ገንዘብ ያጥረዋል። አንድ ወረዳ ላይ ይሄ ሲሆን በአይኔ አይቻለሁ፣ ሰራተኛው ሰነፍ ስለሆነ አልነበረም፣ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነው።

ሌላ ሰው የማያየው ደግሞ አለ። ጤና ጣቢያዎች በየሁለት ወሩ የመድኃኒት ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ይሞላሉ፣ ስንት ገባ ስንት ወጣ ስንት ቀረ የሚል፣ ደንቡ እስከ አራት ወር የሚበቃ እንዲይዙ ነው፣ ከሁለት ወር በታች እንዳይወርድ። እዛ ቅጽ ላይ መድኃኒቱ ስንት ቀን ጠፍቶ እንደነበር የሚጻፍባት አምድ አለች። ሱፐርቪዥን ማለትም ጤና ጣቢያዎቹን ለማየትና ለመደገፍ ስንወጣ እኔ መጀመሪያ የማያት እሷን ነበር። የመድኃኒቱ መግቢያና መውጫ የሚመዘገብበትን ቢን ካርዱን ትገልጪዋለሽ፣ መድኃኒቱ ከወር በላይ ዜሮ ሆኖ ከርሟል፣ ቅጹ ላይ ግን ያቺ አምድ ባዶ ናት። ታዲያ ስሌቱ ሲሰራ የወጣው መድኃኒት መጠን ትንሽ ይመስላል፣ እንግዲህ እዚህ መድኃኒቱ ብዙም አይፈለግም ተብሎ በቀጣዩም ትንሽ ይመጣል፣ እንደገና ያልቃል። ሰው ታሞ እየተመለሰ ወረቀቱ ግን ችግር የለም ይላል። ዞን ላይ ጥሩ ባለሙያ ካለ ይሄን ነው አግኝቶ የሚያስተካክለው፣ ለዚህ ነው ሱፐርቪዥን ማለት ቼክሊስት ሞልቶ መመለስ ብቻ መሆን የለበትም ብዬ ሁሌ የምከራከረው።

"መምሪያው ስራው ምንድነው" ላልሽው፣ በደንብ የሚታየው ወረርሽኝ ላይ ነው። በየሳምንቱ ከጤና ኬላ ሰኞ የሚነሳ ሪፖርት አለ፣ ጤና ጣቢያ ይሰበስባል፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል እያለ ይወጣል። ኩፍኝ ወይ ፖሊዮ የተጠረጠረ እንደሆነ ግን ሳምንት አይጠበቅም፣ እያንዳንዱ እርከን በ30 ደቂቃ ውስጥ ነው ለሚቀጥለው መንገር ያለበት። ወባ ያለበት ጤና ጣቢያ ከገባሽ ግድግዳው ላይ አንድ ግራፍ ታያለሽ፣ ያለፉት አምስት አመታት ቁጥር ላይ ተመስርቶ ለየሳምንቱ የማንቂያ መስመር ተሰምሮበታል፣ የዘንድሮውን ባለሙያው በየሳምንቱ በእስክሪብቶ ነጥብ እያደረገ ያገናኘዋል፣ ነጥቡ መስመሩን ካለፈ ወረርሽኝ ነው ማለት ነው። ያኔ ነው ዞን የሚያስፈልገው፣ ምክንያቱም አንዱ ወረዳ ኮአርተም የሚባለውን የወባ መድኃኒት ጨርሶ ጎረቤቱ ጋር ተከማችቶ ሊሆን ይችላል፣ ከዚህ አንስቶ ወደዛ የሚያዞረው፣ መኪናና ባለሙያ የሚያስተባብረው መምሪያው ነው። መተማና ቋራ በኩል ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የቀን ሰራተኛው ከየአገሩ ሲወርድ ወባና በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ይበረታል፣ በ2015 ክረምት ደግሞ ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ቦታ ላይ ኮሌራ ሲነሳ አይተናል፣ ጸበልተኛው ወደየቀዬው ሲመለስ በሽታውም አብሮት ስለሚሄድ አንድ ወረዳ ብቻውን የሚችለው ነገር አይደለም።

ጎንደር ላይ ይሄ ስራ የዛሬም አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆቹ ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ስንት ሺህ ሰው ጨርሶ ነው በ1954 እ.ኤ.አ. የህዝብ ጤና ኮሌጁ እዚህ የተከፈተው፣ ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስ እና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ) በቡድን አሰልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። እንዲህ አይነት ታሪክ ያለው አገር ላይ አንዲት እናት የግፊት ኪኒን አጥታ ስትመለስ እኔን ያመኛል።

እና አንቺ አሁን ምን አድርጊ መሰለሽ። ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጀምሪ፣ መድኃኒቱ የጠፋው በግዢ ነው ወይስ የመድህን ክፍያ ዘግይቶ ብለሽ በግልጽ ጠይቂ፣ በትህትና ስትጠይቂያቸው ይነግሩሻል፣ እነሱም ተቸግረው ነው። ማዘዣው ላይ "የለም" ብለው ጽፈው ማህተም እንዲያደርጉበት አድርጊ፣ ከውጭ የገዛሽበትን ደረሰኝም አትጣይ፣ ሁለቱን ይዘሽ የወረዳው መድህን ጋ ሂጂ፣ እንደ ወረዳው ነው እንጂ ለአባላት ከሌላ ፋርማሲ ጋር ውል የያዙም አሉ። ጤና ጣቢያው የስራ አመራር ቦርድ አለው፣ በውስጥ ገቢው ምን ይገዛ የሚለውን የሚያጸድቀው እሱ ነው፣ የህብረተሰብ ተወካይም አለበት፣ ማን እንደሆነ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ ትነግርሻለች። በየሩብ አመቱም ህዝቡ ለጤና ጣቢያው ውጤት የሚሰጥበት ስብሰባ አለ፣ የመድኃኒት አቅርቦት አንዱ መስፈርት ነው፣ እናትሽ ወይ ጎረቤት ሄዶ እዛ ይናገር፣ ሪፖርት ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል።

ወረዳ ጤና ጽ/ቤት ላይ በጽሁፍ አመልክተሽ መልስ ካጣሽ ያኔ ወደ ዞን፣ ቅጂውን ይዘሽ። ባዶ እጅሽን ከሄድሽ "ወረዳ ጠይቂ" ነው የምትባይው፣ ማመልከቻው ካለ ግን ወረዳውን ደውለው ሊጠይቁልሽ ይችላሉ። እስከዛ ግን ለእናትሽ መድኃኒቱን ግዢላቸው እንጂ ቀን አይዝለሉ፣ ግፊት ምልክት ሳያሳይ ነው የሚጎዳው። ወረዳሽን በውስጥ ብትጽፊልኝ የትኛው ክፍል ጋ እንደምትሄጂ እነግርሻለሁ።